ባዶ ሳጥን ምን ይሞላበታል?

አራዳ ድሮም ስም ትወዳለች። አዲስ ዘፈን ሲወጣ የፒያሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየትኛው ባንድ ጋር ነው የተጫወተው?» ብሎ ነበር። ዋልያስ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ሮሃ ከሆነ ሌላ ነው፤ ዳህላክ ከሆነ ደግሞ ሌላ። የባንዱ ስም የዘፈኑ ዋስ ነበር። ዛሬ ጥያቄው ተለውጦ «በምን ማሽን ነው የተሠራው?» ሆኗል። መልሱም የጃፓን ወይም የስዊድን ፋብሪካ ስም ነው። መቼስ ዘመን ነው፤ ጥያቄው መለወጡ አያስከፋኝም። የሚያሳስበኝ መልሱ በፋብሪካው ስም ማለቁ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩበት ጊዜም ሆነ አስተማሪነቱን ትቼ በጋዜጣ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ዘፈን ግጥም ብዙ አውርቻለሁ። በዚህ የተነሳ ይመስለኛል ወጣት ሙዚቀኞች አንዳንዴ ያማክሩኛል። ሰሞኑን ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ግን ከግጥም ጋር ጉዳይ የለውም። «ጋሼ፣ ሳምፕለር ልገዛ ነው፤ ስቱዲዮም መድረክም ላይ የሚሆነኝ የትኛው ነው?» የሚል ነው። እኔ ሻጭም መሐንዲስም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የገበያ ብቻ ነው ብዬ አልቀበልም፤ የሂስ ጥያቄም ነው። አንድ ሙዚቀኛ ምን መሣሪያ እንደሚገዛ ሲወስን ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚሠራ ግማሹን እየወሰነ ነውና።

ለማያውቁት ላስረዳ። ሳምፕለር ድምፅ ቀድቶ፣ ቆርጦ፣ በጣት ሲነኩት መልሶ የሚያወጣ ሳጥን ነው። ብዙዎቻችን ኦርጋን እያልን የምንጠራው ኪቦርድ ከፋብሪካው የራሱን ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ፒያኖውም፣ ዋሽንት መሰሉም፣ ከበሮውም ውስጡ ተሞልቶ ነው። ሳምፕለር በመሠረቱ ባዶ ነው። የቡና ሙቀጫ ሲወቀጥ ቢቀዱበት ሙቀጫው ከበሮ ይሆናል። የሊስትሮውን ብሩሽ ሣጥኑ ላይ ኳ ኳ ሲያደርግ ቢቀዱት እሱም ዜማ ውስጥ ይገባል። እርግጥ ዛሬ ፋብሪካዎቹ በሺህ የሚቆጠር ድምፅ ጨምረው ይልካሉ፤ በኢንተርኔትም «የአፍሪካ ድምፅ» ተብሎ በጥቅል የሚሸጥ ሞልቷል። ዋናው ጠባዩ ግን አልተለወጠም። ያላስገቡበትን አያወጣም።

ታሪኩም አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከአውስትራሊያ የወጣው ፌርላይት የሚባለው መሣሪያ ዋጋው የአንድ ቤት ዋጋ ያህል ነበርና የሚነካው ስመ ጥሩ ሀብታም ሙዚቀኛ ብቻ ነበር። በ1981 አሜሪካ ውስጥ ኢሙሌተር ወጣ። በ1987 እዚያው ኤስፒ-1200፣ በ1988 ደግሞ ሮጀር ሊን የነደፈው የጃፓኑ አካይ ኩባንያ ኤምፒሲ60 ተከተለ፤ አሥራ ስድስት የጎማ መምቻ ያለው፣ በጣት እንደ ከበሮ የሚመታ ሳጥን። ኤስፒ-1200 በጠቅላላው የሚይዘው አሥር ሰከንድ ያህል ድምፅ ነበር። ኤምፒሲ60 ተጨማሪ ካልተገዛለት አሥራ ሦስት ሰከንድ። አሥር ሰከንድ እኮ የእኛ ዘፋኝ ትዝታን «እህ» ብሎ እስኪጀምር እንኳ አይበቃም!

የኒውዮርክ ጥቁር ወጣቶች ግን በዚች አሥር ሰከንድ አዲስ የሙዚቃ ዓይነት አቆሙባት። ቦታ ለመቆጠብ ሸክላውን በፍጥነት እያሽከረከሩ ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ መልሰው ያዘገዩታል። በዚህ ምክንያት ድምፁ ይሻክራል፤ ሻካራነቱ ራሱ የዘመኑ መለያ ሆነ። ከአባቶቻቸው ሸክላ ውስጥ የትኛዋን ሁለት ሰከንድ እንደሚወስዱ መምረጥ ነበረባቸው። የመምረጥ ግዴታ ጆሮ አሠለጠነ። የዛሬው ሳጥን ሰዓታት ሙሉ ይይዛል፤ እንዲህ አድርጎ ማንንም አያስገድድም። ግዴታውን ሙዚቀኛው ራሱ በራሱ ላይ ማምጣት አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ከባዶው ሳጥን በፊት የተዋወቅነው ከሞላው ሳጥን ጋር ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር፤ የሆቴል ባንዶች በሩ ከተዘጋ በኋላ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ካሴት ሸክላን ተክቶ የነገሠውም ያኔ ነው። ባንድ ማለት ስድስት ሰባት ሰው ነው፤ ስድስት ሰባት ደመወዝ፣ ስድስት ሰባት እራት። ኪቦርድ ሲመጣ አንድ ሰው ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ የትንፋሽ መሣሪያውንም ተክቶ ቁጭ አለ። ሰርግ ቤትም፣ ምሽት ክበብም፣ ካሴት አሳታሚም ሒሳቡ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ስንሰማ የኖርነው ያንኑ የፋብሪካ ብራስ፣ ያንኑ የፋብሪካ ከበሮ ነው። ዘፋኙ ይለያያል፤ ከኋላው ያለው ድምፅ ግን የአንድ ቤት ልጅ ነው።

ያን ዘመን በጅምላ ማውገዝ ፋሽን ሆኗል፤ እኔ አልተባበርም። መጀመሪያ ነገር፣ ያ ኪቦርድ ባይኖር ያ ዘፈን ጨርሶ አይቀዳም ነበር። ሁለተኛ፣ ማሽኑን ያሸነፉትም አሉ። ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ። የዋልያሱ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ» የሚባለውን ካሴት ሲሠራ ባንድ አልነበረውም። አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ የዘመኑ አዲስ ዕቃ የነበረው ያማሃ ዲኤክስ7 እና ምት ቆጣሪ ማሽን ነበሩት። በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው የዓለም ወጣት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ተንጋግቶ ሰማው። ሚስጥሩ ምን ነበር? እንደ እኔ ጆሮ፣ ማሽኑ የተሰጠው ሥራ ቆጠራ ብቻ ነው። የሚተነፍሰው አኮርዲዮኑ ነው። ኃይሉ በልጅነቱ የሚያውቀውን ዜማ በአኮርዲዮን ሳንባ አስገብቶ ማሽኑን ከኋላ እንዲከተል አደረገው። ብዙዎቻችን ያደረግነው ግልባጩን ነው፤ ማሽኑ ከፊት፣ ዘፋኙ ከኋላ።

ከዚያም ወደኋላ ሂዱ። ሳክስፎን የቤልጅግ ሰው ፈጠራ ነው። ጌታቸው መኩሪያ በ1940ዎቹ በማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመረውን መንገድ ይዞ ሽለላን ሳክስፎን ውስጥ አስገባው። ፎካሪው ደረቱን ነፍቶ የሚጮኸው፣ ትንፋሹ የሚቆራረጠው፣ ቃሉ የሚወረወረው ሁሉ በዚያ ነሐስ ውስጥ ተሰማ። የማዘጋጃ ቤቱም ሆነ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቤት እዚሁ ፒያሳ ናቸው። እንግዲህ አራዳ የባዕድ መሣሪያ ተቀብላ የራሷን ድምፅ ስትሞላበት የመጀመሪያዋ አይደለም። ሳምፕለሩም ከዚህ ረድፍ የሚሰለፍ ነው፤ ቁምነገሩ ሽለላ የሚያስገባበት ሰው መገኘቱ ላይ ነው።

እንዲያውም ቢገባን የሳምፕለር ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብተው ያውቃሉ? እንግዳው ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ቃል በቃል ተቀብሎ፣ በማሲንቆው አሽቶ፣ በራሱ ዜማ መልሶ ይወረውረዋል። የሰው ቃል ቀድቶ መልሶ ማውጣት ይሏል ይሄ ነው። ልዩነቱን ግን ልብ በሉልኝ። በአዝማሪ ቤት ስንኙን የሰጠው ሰው እዚያው ተቀምጧል። ሁሉም ያየዋል፤ አዝማሪውም ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ነው የሚዘፍነው። ሰጪ ይታወቃል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ ገበያው እንግባ። ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምመልሰው በጥያቄ ነው።

አንደኛ፦ ለስቱዲዮ ነው ወይስ ለመድረክ? ሁለቱ ሥራዎች ይለያያሉ። ስቱዲዮ ውስጥ ጊዜ አለ፤ ሰፊ መስኮት እያዩ መቁረጥ፣ መለጠፍ፣ ማስተካከል ይቻላል። ይህን ሁሉ ኮምፒዩተር ይሠራል፤ የእኛ ወጣቶችም አብዛኛውን የሚሠሩት በእሱ ነው። ስለዚህ ሥራችሁ ቤት ውስጥ ብቻ ከሆነና ኮምፒዩተር ካላችሁ ሳጥኑ ይቆይ፤ በዚያ ገንዘብ ጥሩ ማይክሮፎን ግዙ። መድረክ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ያጎነበሰ ሰው ኢሜይሉን ይመልስ ሙዚቃ ይጫወት ተመልካች አይለይም። ሳጥን በእጅ ይመታል፤ ሲሳሳት ይሰማል፤ ሰው ያለበት ነገር ይሆናል። የስዊድኑ ኤሌክትሮን ኩባንያ ኦክታትራክ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ስምንት የድምፅ መስመር አለው፤ አጠገባችሁ የቆመውን ክራር መቺ እዚያው መድረክ ላይ ቀድቶ፣ ቁመቱን ሳይለውጥ ፍጥነቱን አስተካክሎ ይመልሳል። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እሱን ለመማር የሚወስደው ወራት ማሲንቆ ለመማር ከሚወስደው ይቀራረባል ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም።

ሁለተኛ፦ መብራት ሲሄድስ? ይህን የውጭ አገር መጽሔት አይጠይቅም፤ እኛ ግን እንጠይቃለን። ኦክታትራክ ከግድግዳው ሶኬት ከተነቀለ ሬሳ ነው። የሮላንድ ኩባንያ ኤስፒ-404፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አሮጌውም፣ በ2021 የወጣው አዲሱም በስድስት ተራ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። በ2017 የመጣው የአካይ ኤምፒሲ ላይቭ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ውስጡ አለው። ትንሿ የሮላንድ ሳጥን ቦርሳ ውስጥ ገብታ ላሊበላም ጎንደርም ትሄዳለች። ለእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ድምፁ ያለው መብራት ያለበት ቦታ ብቻ አይደለምና።

ሦስተኛ፦ ቆጠራው እንዴት ነው? አብዛኞቹ ማሽኖች ገና ሲከፈቱ አራት በአራት ነው የሚቆጥሩት፤ አሥራ ስድስት እኩል ሳጥን ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። የእኛ ችክችካ በስድስት ነው የሚሄደው፤ ሦስትና ሁለት እየተጋፉበት። ማሽኑ በስድስት እንዲቆጥር ማዘዝ ይቻላል፤ ብዙ ልጅ ግን ሳያዝዘው ይጀምርና ችክችካውን እንደ ጠባብ ጫማ አራቱ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ሌላ ኳንታይዝ የሚባል አለ፤ ጣታችሁ ትንሽ ከዘገየ ማሽኑ ጎትቶ መስመር ላይ ያስቀምጠዋል። ይህን ማጥፋት ይቻላል። ጄይ ዲላ የሚባለው የዲትሮይት ሰው ምቱ ትንሽ እንዲንገዳገድ በመተው ነው የታወቀው፤ ይጫወትበት የነበረው ኤምፒሲ3000 ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። የእኛ ከበሮ መቺ ድሮም ይንገዳገዳል። እሱን ያቀና ማሽን ጠቀመኝ ብሎ የሚያምን ካለ ጆሮውን ይመርመር።

አራተኛ፦ ዋጋውን ትችላላችሁ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በ57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከመቶ ብር እጅግ አለፈ። ያን ጊዜ ቁጠባ የጀመረ ልጅ ሳጥኑ ፊቱ እየሸሸው ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ያገለገለ፣ ትንሽ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ማይክሮፎን የሚሰካበት ግዙ። የተረፈውን ገንዘብ ለሰው አውሉት። ለየትኛው ሰው? ወደ እሱ እየመጣሁ ነው።

ሳጥኑ ተገዛ እንበል። አሁን ምን ይግባበት? እዚህ ላይ ነው ኪቦርዱ ያላስተማረን ነገር የሚመጣው። ኪቦርድ ስምንቱን ድምፅ በአሥራ ሁለት እኩል ከፍሎ ይዟል። ትዝታና ባቲ ተጠጋግተው ይገቡበታል፤ አንቺ ሆዬ ግን ይጎረብጠዋል። ያደገበት ክራር ቅኝት ከፒያኖው ቁልፍ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። ሳምፕለር ይህ ችግር የለበትም፤ ክራሩ እንደተቃኘ ይቀዳዋል። የዓለም ፋብሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቅኝትህን እንደሆነ አምጣው» ያለን በዚህ ሳጥን ነው። ታዲያ ልጆቻችን ምን ያደርጋሉ? የማሲንቆ አንድ ድምፅ ይቀዱና በኪቦርድ ቁልፍ ሁሉ ላይ ይዘረጉታል። ወደ ላይ ሲወጣ እንደ አይጥ ይጮኻል፣ ወደ ታች ሲወርድ እንደ በሬ ያጓራል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው ያለው። ነፍሱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት መሃል ላይ ያለው ነው። አንድ ነጠላ ድምፅ መቅዳት ከዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ፊደል መቅደድ ነው። ሐረጉን ሙሉውን ቅዱ፤ ሲጀምር የሚተነፍሰውን፣ ሲጨርስ የሚያሳርፈውን ጨምራችሁ።

በገናም አለ። ከአሥሩ አውታር ሥር የሚገቡት ትናንሽ ቁርጥራጭ ቆዳዎች፣ እንዚራዎቹ፣ ናቸው ያንን ንዝረት የሚሰጡት። ንዝረቱ ቶሎ አያልቅም። ማሽን ላይ ለመደጋገም እንዲመች አጠር አድርጎ የቆረጠው ሰው በገናውን ጥሎ ጊታር አንስቷል። ከዚያ በላይ ደግሞ በገና የጾም፣ የጸሎት ዕቃ ነው። ጭፈራ ቤት ይግባ አይግባ የሚለውን በሕግ የሚወስን የለም። እኔ የምለው፣ የቀዳህበትን ደርዳሪ ጠይቅ። «ይህን ቦሌ ዳንስ ቤት ላጫውተው ነው» በለው። እሱ ከፈቀደ የእኔ ክርክር ያበቃል። ለመጠየቅ ካፈርክ ግን መልሱን ቀድሞ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ሰጪው ልመለስ። የእኛ ድምፅ በዓለም ሳምፕለሮች ውስጥ ገብቶ የኖረው ከእኛ በፊት ነው። «ኢትዮፒክስ» የሚባለው የፈረንሳዮቹ ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወርቃማውን ዘመን ሸክላ መልሶ ሲያሳትም የሒፕሆፕ ሠሪዎች ተሻሙበት። ኦ ኖ የሚባለው የካሊፎርኒያ ሰው በ2009 ሙሉ አልበም በኢትዮጵያ ሸክላ ላይ ሠራ፤ ስሙንም «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» አለው። በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሌ በጋራ ያወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የሚከፈተው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ በቆመ ዘፈን ነው። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ እየመረጡ የወሰዱት ጆሮ ስላላቸው ነው። ነገር ግን ባዕዱ የመረጣትን ሁለት ሰከንድ የእኛ ልጅ ከባዕዱ ዘፈን ላይ መልሶ ሲቀዳ ያጋጥመኛል። የራስን ውኃ ከጎረቤት እንስራ መቅዳት ይሏል ይሄ ነው።

እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን ምን እናደርጋለን? ወጣቱ አዝማሪ ቤት ገብቶ በስልኩ ይቀዳል። ሽልማት ግንባሩ ላይ ይለጥፍና ይወጣል። ከስድስት ወር በኋላ ድምፁ ዘፈን ውስጥ ይወጣል፤ የአዝማሪው ስም የለም። ሲጠየቅ «የሕዝብ ዜማ ነው እኮ ጋሼ» ይላል። ዜማው የሕዝብ ሊሆን ይችላል። ጉሮሮው ግን የሕዝብ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በ872/2007 የተሻሻለው፣ ለከዋኙ መብት ይሰጣል፤ ያልተቀዳ ክወና ያለ ፈቃዱ አይቀዳም። በአዝማሪ ቤትም ወግ ሰጪ ይታወቃል ብያችሁ ነበር። ሕጉም ወጉም እዚህ ላይ ተስማምተዋል፤ ያልተስማማው ኪሳችን ነው። ቅድም የተረፈውን ገንዘብ ለሰው አውሉት ያልኩት ለዚህ ነው። ለማሲንቆ መቺው ክፈሉት፤ ስሙን ጻፉለት፤ ቁራጯን ስትጠቀሙባት አሰሙት። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው በወርቅ ቤቶቿ በታወቀችው ፒያሳ ብቻ አይደለም የሚሠራው።

ደህና የሠሩም አሉን፤ ሳላነሳቸው ባልፍ ሂሱ ጎዶሎ ይሆናል። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣትን አጭር ሥራ «ያራዳ ልጅ» ብሎ ሰየማት፤ በ2016 ደግሞ «ዘላለም» መጣ። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚለውን መጠሪያ ይዞ ተነሳ። በእነዚህ ልጆች ሥራ ውስጥ የአገር ቤት ድምፅ እንደ ቅመም ከላይ አይነሰነስም፤ ወጡ ራሱ እሱ ነው። ማሽኑ ይጠብቀዋል፣ ቦታ ይለቅለታል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። ሥራዎቹን ያሳተሟቸው የዋሽንግተንና የኒውዮርክ ትናንሽ ቤቶች ስለሆኑ «ያራዳ ልጅ»ን ከአራዳ ልጅ ይልቅ የብሩክሊን ልጅ ቀድሞ ሰማት። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የካሴት ሱቁ ሞቶ በምትኩ ምንም ያላቆምን እኛ ነን።

ሮፍናን ኑሪ ይህን ክፍተት በሌላ በኩል ሞላው። በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» ሲወጣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚባለውን ነገር ሰምቶ የማያውቅ ወጣት በአማርኛ ጨፈረበት። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ጎደለ የምለው፣ አንዳንዴ የአገር ቤቱ ዜማ በሚያምር ሁኔታ ተነስቶ ተነስቶ ጫፍ ሲደርስ ይቆረጥና የትኛውም አገር ስታዲየም ውስጥ የሚሰማው ከበሮ ይረከበዋል። እንግዳውን በር ድረስ አጅበን ግብዣው ላይ ቦታ የነሣነው ይመስለኛል። ጫፉ ላይም ያ ዜማ ቢቆይ ምን ይጎዳ ነበር? ሮፍናን ይህን የማድረግ አቅም እንዳለው ሥራው ራሱ ይመሰክራል።

የመጨረሻው ነገሬ ስለ ጊዜ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ አብሮ ነደደ። የቀጥታ ሙዚቃ የሚሰማበት፣ አሮጌው ሙዚቀኛ ከወጣቱ ጋር መድረክ የሚጋራበት ክፍል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያና ብዙው የፒያሳ ሰፈር በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፤ መብራቱ በዛ፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው ዓመት ተመረቀ። ስለ ፕላኑ የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ የምናገረው ስለ ጆሮ ነው። የወርቅ አንጥረኛው መዶሻ፣ ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ የሚያስተጋባው የሴቶች ሳቅ፣ ከየሙዚቃ ቤቱ በር የሚፈሰውና እርስ በርሱ የሚጋጨው ዘፈን፣ ማህሙድ አህመድ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፍቶበት የነበረው የዚያ ሰፈር ድምፅ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ ሄዷል። የፈረሰ ቤት ፎቶ አለው። ድምፁን የቀዳው ግን ስንት ሰው ነው?

የጊዮርጊስ ደወል አሁንም አለ። ወያላው አሁንም ይጣራል፤ ሎተሪ አዟሪውም አለ። የክብር ዘበኛን፣ የፖሊስ ኦርኬስትራን፣ የሀገር ፍቅርን መድረክ የሚያስታውሱ አዛውንት ሙዚቀኞች ቁጥራቸው ቢያንስም አሉ። ሳጥኑ አይቸኩልም፤ ዘንድሮ ባትገዙት በሚመጣው ዓመት ፋብሪካው የተሻለ ያወጣል። ሰዎቹ ግን የተሻለ እትም የላቸውም። ስለዚህ ልጆቼ፣ የትኛው ሳምፕለር ይሻላል እያላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት በኪሳችሁ ያለውን ስልክ ይዛችሁ፣ ለቡና የሚሆን ገንዘብና ስም የሚጻፍበት ወረቀት ጨምራችሁ፣ አንዱን ሽማግሌ ሄዳችሁ አስፈቅዱና ቅዱ። ምን ዓይነት ማሽን እንደሚያስፈልጋችሁ ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ትነግሩኛላችሁ።